በጥቂት ረክቶ ስለ መቅረት

«አባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» ይባላል። ይህ ምሳሌ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ባላገሩን ለመንቀፍ ነው፤ ነገር ግን ከባላገሩ ይልቅ አገር እንዲያለማ አደራ የተሰጠውን ሹም ይነካል። ገበሬው ምንጩን ቢያመሰግን ከምንጩ ስለ ጠጣ ነው። ሹሙ ግን ወንዙን አይቶ ሳለ «ለዚህ ወረዳ ምንጭ ይበቃዋል» ቢል፥ በብዙ ሰዎች እንጀራ ላይ ብቻውን የፈረደ ይሆናል።

በሰሜን ሸዋ ስላለችው ስለ ሰላ ድንጋይ ሲነገር፥ ደጋ ናት፥ ውርጭ ይመታታል፥ ከገብስና ከባቄላ ከበግም በቀር የሚጠበቅባት ነገር የለም የሚል ቃል ይሰማል። ታሪኳ ግን ከዚህ ቃል ጋራ አይስማማም። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት ወይዘሮ ዘነበ ወርቅ ሰላ ድንጋይን መቀመጫቸው አድርገው ሰፊ አገር ያስተዳድሩ ነበር። ያን ጊዜም ውርጩ ያው ውርጭ፥ ድንጋዩም ያው ድንጋይ ነበረ። ስለዚህ የአንድ ስፍራ ታላቅነት ወይም ታናሽነት በአፈሩ ብቻ እንደማይወሰን መረዳት ይቻላል።

በዚያው ዘመን በአንኮበር የሆነው ነገር ደግሞ ለትምህርት ይበቃል። በ1833 ዓ.ም. ወደ ሸዋ የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሃሪስ እንደ ጻፈው፥ ዴሜጥሮስ የሚባል አንድ የውጭ አገር ሰው በውኃ የሚዞር ወፍጮ ሠርቶ ነበር። ወፍጮውም ሦስት ቀን ያህል ከፈጨ በኋላ የርኩሳን መናፍስት ሥራ ነው ተብሎ ተተወ። ወንዙ አልደረቀም፤ እህሉም አላለቀም፤ የጎደለው አራተኛውን ቀን የሚጠብቅ ሰው ነበረ። በዚህም ምክንያት ውኃው ሊሸከመው ይችል የነበረው ድካም በሴቶች ክንድ ላይ ቀረ። ዛሬ ወፍጮን እንዲህ ብሎ የሚሸሽ የለም፤ ነገር ግን «ይህ ለእኛ አገር አይሆንም» የሚለው ቃል ያንኑ ጉዳት ያደርሳል።

ትዕግሥት ያለው ሙከራ የሚያፈራውን ፍሬ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ዋልካ መሬት በክረምት ውኃ ስለሚቋጥር፥ በብዙ ስፍራ ዝናሙ እስኪያበቃ ድረስ ሳይዘራ ይቆያል። በሞረትና ጅሩ በእነዋሪ ዙሪያ ያለው ገበሬ ግን መደብና ቦይ ማውጣት ከጥንት ያውቃል፤ ወንዱም ሴቱም ልጁም ሳይቀር አፈሩን በእጁ እያነሣ መደቡን ያበጃል፤ ውኃው በቦዩ ይወርዳል፤ እህሉም በጊዜው ይዘራል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ የምርምር ሰዎች ለዚሁ ሥራ የሚሆን በበሬ የሚጎተት መደብ ማውጫ ከተለመደው ማረሻ አበጁ። የመጀመሪያው መሣሪያ ለበሬው ከበደ፤ እነርሱ ግን ከበደ ብለው አልጣሉትም፤ እያቀለሉ አሻሻሉት። ዛሬ ሞረትና ጅሩ በኩታ ገጠም በሚዘራ ስንዴ የታወቀ አገር ነው።

የሰላ ድንጋይ ገብስም እንዲሁ ሊታሰብለት ይገባል። ገብስ ለቆሎ፥ ለበሶና ለጠላ ብቻ የሚሆን እህል ነው ማለት ገበያውን ሳያዩ መፍረድ ነው። ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በደብረ ብርሃን የቢራ ፋብሪካ ተተክሏል፤ ፋብሪካም ያለ ብቅል፥ ብቅልም ያለ ገብስ አይሆንም። ነገር ግን ማናቸውም ገብስ ለዚህ አይበቃም። ዘሩ ለብቅል የተመረጠ፥ ፍሬው የተስተካከለ መሆን አለበት፤ ማዳበሪያው ከልክ ካለፈም በፍሬው ውስጥ ፕሮቲኑ ስለሚበዛ ለብቅል አይመችም። ይህን ሁሉ የሚያስተምር የግብርና ምርምር ማዕከል በዚያው በደብረ ብርሃን ይገኛል። መጠየቅ ግን የወረዳው ሹም ፈንታ ነው።

በዚህ ስፍራ አንድ ነገር በጥንቃቄ መለየት ያስፈልጋል። ሰፊ ተስፋ ማለት በወረቀት ላይ ትልቅ ቁጥር መጻፍ ማለት አይደለም። ሳይለካ የተጻፈ ኩንታል ጎተራ አይሞላም፤ ገበሬውንም በመንግሥት ቃል ላይ ያለውን እምነት ያሳጣዋል። ጥቂት ጥማድ መሬትና ሁለት በሬ ያለው ሰው አዲስ ነገር ሲቀርብለት ቢያመነታ፥ ስንፍና ነው ብሎ መንቀፍ አይገባም፤ ሙከራው ቢከሽፍ የሚራቡት ልጆቹ ናቸውና። ስለዚህ የሙከራው ኪሳራ በሹሙ መሥሪያ ቤት እንጂ በገበሬው ጎተራ ላይ እንዳይወድቅ አስቀድሞ መወሰን ይገባል።

ሥራው በትንሽ ማሳ ቢጀመር ነውር የለበትም። ጎረቤቱ የሚያምነውን አንድ ባለ ይዞታ መምረጥ፥ አዲሱን ዘር ከነባሩ ጎን በአንድ ቀን መዝራት፥ ምርቱን በሕዝብ ፊት መመዘን፥ የወጣውንም ገንዘብ ጭምር በእውነት መጻፍ ይበቃል። በመጀመሪያው ዓመት ቢበላሽ ምክንያቱን መርምሮ በሁለተኛው መድገም ያስፈልጋል። የአንኮበሩ ወፍጮ ያጣው ይህንኑ ነበረ።

አንዳንድ ሹም ጥቂት ማሰብን ትሕትና ይለዋል። በወንጌል የተነገረለት መክሊቱን የቀበረው አገልጋይ አልሰረቀም፥ አላባከነም፤ የተቀበለውንም ሳያጎድል መለሰ። የተፈረደበት ግን ፈርቶ ስለ ቀበረው ነው። ወረዳውን እንደ ተረከበው አድርጎ የሚያስረክብ አስተዳዳሪም ምንም አላጠፋሁም ሊል ይችላል፤ የሰላ ድንጋይ ገበሬ ግን ከእርሱ የሚጠብቀው ይህን ብቻ አይደለም። የሚመጣው ዘር ሳይዘራ፥ ቢያንስ አንዲት ማሳ ለሙከራ ትለይ።