የኦምዱርማኑ ሠዓሊና የሲሚንቶ ከረጢት

የሥዕል ዝንባሌ ያላቸው ልጆቻችን «ወረቀት የለ፣ ቀለም የለ፣ በምን እንሥራ?» ይሉናል። እውነታቸውን ነው፤ ከራሽን ተርፎ ቀለም የሚገዛ ገንዘብ ከየት ይመጣል? እስቲ ዛሬ ስለ ኢብራሂም ኤል ሳላሂ እናውጋችሁ።

በ1930 እ.ኤ.አ. ኦምዱርማን ተወለዱ። እጃቸውን ያፍታቱት አባታቸው በሚያስተምሩበት የቁርዓን ትምህርት ቤት ነው። ለንደን ድረስ ሄደው ሥዕል ተማሩ። በ1975 ግን ያለ ፍርድ ካርቱም፣ ኮበር እስር ቤት ገብተው ስድስት ወር ያህል ቆዩ። እዚያ ወረቀትና እርሳስ ክልክል ነበር። እሳቸው ግን በሲሚንቶ ከረጢት ቁራጭ ላይ በቁራጭ እርሳስ እየሣሉ አሸዋ ውስጥ ይቀብሩት ነበር።

እኛን የገረመን ከዚያ ወዲህ ያለው ነው። ከአንዲት ቁራጭ ጀምሮ ሌላ እየቀጠሉ ሥዕሉን ማሳደግ እዚያው ለመዱ። ከተፈቱም በኋላ አልተዉትም፤ በ1984 እና በ1985 በቀለም ብቻ የሠሩት «የማይቀረው» የተሰኘ ትልቅ ሥዕል የዘጠኝ ቁራጭ ግጣም ነው። በስተርጅና ጀርባቸውን ሲያማቸው ደግሞ የመድኃኒታቸውን ካርቶን ገልብጠው ሣሉበት። (እኛ እሳት ማቀጣጠያ ነው የምናደርገው!)

እንግዲህ የዘይት ካርቶን ወይም የተረፈ ከሰል ያላችሁ ወላጆች ለሥዕል ክበቡ ላኩልን፤ መቀሱና ሙጫው ከኛ ነው።