ሳይቃጠል በቅጠል፦ የሴት ተማሪዎች የእግር ኳስ ቡድንና የቅድመ ውድድር ዝግጅት

የአንድ እግር ኳስ ቡድን ዓመት ብዙውን ጊዜ የሚለካው በዋንጫና በውጤት ሰንጠረዥ ነው። ተመልካቹ ግቡን፣ ቅብብሉንና የበረኛዋን ዝላይ ያያል። ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት በነበሩት ሳምንታት በልምምድ ሜዳ ላይ የተሠራውን፣ ወይም ሳይሠራ የቀረውን፣ ልብ የሚለው ግን ጥቂት ሰው ነው። በዚህ ጽሑፍ ልናነሣ የፈለግነው ይህንኑ ተገቢው ትኩረት ያልተሰጠውን ጊዜ ነው። አቋማችንን ከወዲሁ እንግለጽ፤ የሴት ተማሪዎች የእግር ኳስ ቡድን ለአዲስ የውድድር ዘመን ሲዘጋጅ ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠብቅ የሚገባው የተጫዋቾቹን ጉልበት ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ዕውቀት ዛሬ በእጃችን ይገኛል፤ ወጪውም እጅግ አነስተኛ ነው። ስለዚህ ሳይደረግ ቢቀር የገንዘብ እጦትን ምክንያት ማድረግ አይቻልም።

በማስረጃነት የምንጠቅሰው በአመዛኙ የአሜሪካ ኮሌጆችን ተሞክሮ ነው፤ በዚያ የሴት ተማሪዎች እግር ኳስ በስፋት ከመካሄዱም በላይ ጉዳቱ ለረጅም ዓመታት በሥርዓት ሲመዘገብ ቆይቷልና። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣውና «ታይትል ናይን» በመባል የሚታወቀው ሕግ የፌዴራል መንግሥት ድጋፍ በሚያገኙ የትምህርት ተቋማት በጾታ ምክንያት አድልዎ እንዳይፈጸም ከለከለ። ከ10 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1982፣ የአገሪቱ የኮሌጆች ስፖርት ማኅበር (ኤን.ሲ.ኤ.ኤ.) የመጀመሪያውን የሴቶች እግር ኳስ ሻምፒዮና አካሄደ፤ ዋንጫውንም የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ወሰደ። ማኅበሩ ከውድድሩ ጎን ለጎን በተጫዋቾች ላይ የሚደርሰውን ጉዳት የሚከታተል መዝገብም ይይዝ ነበር።

በዚህ መዝገብ ላይ ተመሥርተው ኤልዛቤት አሬንትና ራንዳል ዲክ እ.ኤ.አ. በ1995 ያሳተሙት ጥናት እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ጥናቱ ከ1989 እስከ 1993 ያሉትን አምስት ዓመታት የሸፈነ ሲሆን፣ አንድ ተጫዋች በአንድ ልምምድ ወይም በአንድ ጨዋታ መገኘቱን እንደ አንድ ተሳትፎ ይቆጥራል። በዚህ ስሌት የፊተኛው መስቀልኛ የጉልበት ጅማት ጉዳት በእግር ኳስ በ1000 ተሳትፎ በወንዶች 0.13፣ በሴቶች ደግሞ 0.31 ሆኖ ተገኘ፤ የሴቶቹ መጠን ከወንዶቹ እጥፍ በላይ ነበር ማለት ነው። ቁጥሩ ላይ ላዩን ሲታይ ኢምንት ይመስላል። ነገር ግን 25 ተጫዋቾች ያሉት አንድ ቡድን በአንድ የውድድር ዘመን ልምምዱና ጨዋታው ተደምሮ 80 ጊዜ ሜዳ ቢገባ 2000 ተሳትፎ ይሆናል። በዚህ ሒሳብ በሦስት ዓመት ውስጥ ከዚያ ቡድን የሁለት ያህል ተጫዋቾች ጅማት ይበጠሳል።

ሌላው የመዝገቡ ትምህርት ስለ ዝግጅቱ ጊዜ ራሱ የሚናገረው ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመና የ15 ዓመታት መረጃ የመረመረ ጥናት እንደሚያሳየው፣ በቅድመ ውድድር ልምምድ የሚደርሰው የጉዳት መጠን ውድድሩ ከተጀመረ በኋላ በልምምድ ላይ ከሚደርሰው ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ሰውነትን ይገነባል የተባለው ወቅት ሰውነት የሚሰበርበት ወቅት ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ነገሩ እምብዛም አያስገርምም። ተጫዋቾች ከረጅም ዕረፍት ተመልሰው በጥቂት ቀናት ውስጥ ከባድ ሩጫ፣ ዝላይና ግጥሚያ ሲደራረብባቸው ጡንቻና ጅማት ከአዲሱ ጫና ጋር ለመላመድ ፋታ አያገኙም። «ልጆቹን አድክሞ ማብቃት» የሚባለው የቆየ ልማድ ውጤቱ ይህ ነው።

ጅማቱ እንዴት እንደሚበጠስ ማወቅ መፍትሔውን ለመረዳት ይረዳል። የፊተኛው መስቀልኛ ጅማት የጭን አጥንትን ከቅልጥም አጥንት ጋር በጉልበት መካከል የሚያያይዝ ጠንካራ ማሰሪያ ነው፤ ቅልጥም ወደ ፊት እንዳይንሸራተትና ከልክ በላይ እንዳይዞር ይይዛል። ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው ተጫዋቿን ማንም ሳይመታት ነው። እየሮጠች ድንገት አቅጣጫ ስትቀይር፣ ፍጥነቷን ስትገታ ወይም ዘልላ በአንድ እግሯ ስታርፍ ጉልበቷ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ጅማቱም ጫናውን መቋቋም ያቅተዋል። በእጅ ኳስና በቅርጫት ኳስ ሴት ተጫዋቾች ላይ የደረሱ አደጋዎችን የቪዲዮ ምስል የተነተኑ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 እንዳመለከቱት፣ ጉዳቱ የሚደርሰው እግር መሬት በነካ በ40 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ውስጥ ነው። ሰው አደጋን ተገንዝቦ ጡንቻውን ለማዘዝ ግን ከ100 ሚሊ ሰከንድ በላይ ያስፈልገዋል። እንግዲህ አእምሮ «ተጠንቀቂ» የሚል ትእዛዝ ሳያደርስ ነገሩ ያከትማል። መከላከያው እግር መሬት ከመንካቱ በፊት በሰውነት ውስጥ በልምምድ የተቀረጸ መሆን አለበት። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት ምክር ለጉልበት የተነገረ ይመስላል።

አንዳንዶች ይህን ልዩነት ሲሰሙ «ቀድሞውንስ ሴት ልጅን ከኳስ ጋር ምን አገናኛት?» ብለው ይደመድማሉ። ይህ ድምዳሜ በማስረጃ አይደገፍም። የዳሌና የእግር አጥንት አቀማመጥ፣ ሆርሞኖችና የጡንቻ አሠራር ለልዩነቱ አስተዋጽኦ እንዳላቸው ተመራማሪዎች ይጠቅሳሉ። ብዙ ልጃገረዶች ከወንዶች ዘግይተው ኳስ መጀመራቸውና የጡንቻ ማጠንከሪያ ሥልጠና በበቂ ሁኔታ አለማግኘታቸውም አብሮ ይነሣል። አጥንት አይለወጥም፤ የጡንቻ ጥንካሬ፣ ሚዛንና ከዝላይ በኋላ የማረፍ ስልት ግን በሥልጠና ይለወጣሉ። ከጾታ የሚመነጨው ልዩነት ጥሩ ሥልጠና የመስጠትን ግዴታ ያከብደዋል እንጂ አያስቀረውም።

ሥልጠናው እንደሚሠራ በምን እናውቃለን? እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የኖርዌይ ጥናት ክለቦችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 17 የሆኑ 1892 ሴት ተጫዋቾችን ተከታተለ። የተለየ ማሟሟቂያ በሠሩት ዘንድ አጠቃላይ ጉዳት በአንድ ሦስተኛ ያህል፣ ከባድ ጉዳት ደግሞ በግማሽ ገደማ ቀነሰ። በዚያው ዓመት የታተመ ሌላ ጥናት 61 የአሜሪካ ኮሌጅ የሴቶች ቡድኖችንና 1435 ተጫዋቾችን ያካተተ ነበር። ተመሳሳይ ማሟሟቂያ በሠሩት ቡድኖች የፊተኛው መስቀልኛ ጅማት ጉዳት መጠን ካልሠሩት በ41 በመቶ ያነሰ ሆነ። ለሳይንስ ተማሪ ሙሉውን መናገር ይገባልና፣ ይህ ልዩነት በስታቲስቲክስ መስፈርት «በአጋጣሚ የመጣ ሊሆን ይችላል» ከሚባለው ወሰን አላለፈም። በልምምድ ላይ የደረሰው ተለይቶ ሲታይ ግን ልዩነቱ ጎላ፤ ማሟሟቂያውን ካልሠሩት መካከል የስድስቱ ጅማት ሲበጠስ ከሠሩት መካከል የአንዲቷም አልተበጠሰም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመና የቀደሙ ትንተናዎችን ደርቦ የመረመረ ጥናት ደግሞ ይህን መሰል ሥልጠና ያለ ንክኪ የሚደርሰውን የጅማት ጉዳት በሴቶች ላይ በሁለት ሦስተኛ ገደማ እንደሚቀንስ ደምድሟል።

ማሟሟቂያው ምንም ምስጢር የለውም። በኖርዌይ የተፈተነውና «ፊፋ 11+» የተባለው 15 እንቅስቃሴዎችን ይዞ በ20 ደቂቃ ያልቃል፤ 8 ደቂቃ ቀላል ሩጫ፣ 10 ደቂቃ የጥንካሬ፣ የዝላይና የሚዛን ሥራ፣ 2 ደቂቃ ፈጣን ሩጫ። የኋላ ጭንና የሆድ ጡንቻዎች ይጠነክራሉ፤ ተጫዋቾቹም በአንድ እግር መቆምን፣ ጉልበትን ከእግር ጣቶች አቅጣጫ ሳያስወጡ ማረፍን ይለማመዳሉ። ኳስና ሜዳ ካለ ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ጽናት ነው፤ የኖርዌዩ ጥናት ተከታይ ትንተና እንዳሳየው አዘውትረው የሠሩት አልፎ አልፎ ከሠሩት ያነሰ ጉዳት ደርሶባቸዋል።

ዝግጅት ሲባል ምግብም ይታሰብ። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መግለጫ ስፖርተኞች ከሚያወጡት ጉልበት ያነሰ ሲመገቡ የወር አበባ መዛባት፣ የአጥንት መሳሳትና የብቃት መቀነስ እንደሚከተል አስታውቋል። የወር አበባ መቅረት «የጠንካራ ልምምድ ምልክት» ተደርጎ መታየት የለበትም፤ የሐኪም ጉዳይ ነው። በየወሩ ደም የሚፈሳቸው ሴቶች ኦክሲጅን ተሸካሚ ለሆነው ሂሞግሎቢን የሚያስፈልገው ብረት በቀላሉ ይጎድልባቸዋል። ምስርን ከሎሚ ወይም ከቲማቲም ጋር መመገብ፣ ቡናና ሻይን ከምግብ ሰዓት ማራቅ የብረትን መዋሐድ ያግዛል፤ ይህም ከተማሪ አቅም በላይ አይደለም።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎችም ሴት ተማሪዎች ኳስ ይጫወታሉ፣ ይወዳደራሉም። አንዲት ተማሪ ጅማቷ ቢበጠስ ቀዶ ሕክምና ብታገኝ እንኳ ወደ ሜዳ ለመመለስ ዘጠኝ ወርና ከዚያ በላይ ይፈጅባታል፤ ከዓመታት በኋላም በመገጣጠሚያ ሕመም የመጠቃት ዕድሏ ይጨምራል። እስከዚያው የመኝታ ክፍሏን ደረጃ በክራንች ትወጣለች፤ ቤተ ሙከራም ቆማ መሥራት ይቸግራታል። ሕክምናው እንደ ልብ በማይገኝበት ቦታ ጉዳቱ የዕድሜ ልክ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሦስት ነገሮችን እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ ቡድኑ ከመጀመሪያው ጨዋታ ቢያንስ ስድስት ሳምንት ቀደም ብሎ ይሰባሰብ፤ የልምምዱም ጫና በየሳምንቱ ቀስ በቀስ ይጨምር። ሁለተኛ፣ የ20 ደቂቃው ማሟሟቂያ ከመጀመሪያው ቀን ተጀምሮ እስከ ውድድሩ ፍጻሜ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይሠራ። አሠልጣኞች «ጊዜ የለንም» ሲሉ እንሰማለን፤ ነገር ግን ቡድኑ ያለ ማሟሟቂያ ልምምድ አይጀምርምና ለውጡ በጊዜው ርዝመት ላይ ሳይሆን በሚሠራው ሥራ ላይ ነው።

ሦስተኛው የሚመለከተው እኛን የሳይንስ ተማሪዎችንና መምህራንን ነው፤ በየግቢው የጉዳት መዝገብ ይከፈት። ማን፣ መቼ፣ በምን ዓይነት ሜዳ፣ በምን እንቅስቃሴ ላይ እንደተጎዳች የሚጽፍ አንድ ደብተር ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ከ2014 እስከ 2020 በታተሙ የስፖርት ሳይንስ ምርምሮች ከተሳተፉት ሰዎች ሴቶቹ 34 በመቶ ብቻ ናቸው፤ በሴቶች ላይ ብቻ የተደረጉት ጥናቶችም 6 በመቶ ናቸው። በደጋ ከፍታ፣ በጠጠር ሜዳ ላይ የምትጫወት ተማሪ ጉልበት እንዴት እንደሚጎዳ ከአሜሪካ መዝገብ ማንበብ አይቻልም። ያንን መጻፍ የእኛ ድርሻ ነው፤ የባዮሎጂው ተማሪ የሰውነትን አሠራር፣ የስታቲስቲክሱ ተማሪ ስሌቱን፣ የፊዚክሱ ተማሪ የኃይሉን አቅጣጫ ይዞ ሊቀርብ ይችላል።

በዚህ ዓመት በየግቢያችሁ ማልያ የምትለብሱ እኅቶቻችን ሆይ፣ አሠልጣኛችሁ ባያነሣው እናንተ አንሡት። በመጀመሪያው የልምምድ ቀን ኳሱ ከመንከባለሉ በፊት ያ 20 ደቂቃ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ።