መጥረጊያ ይገዛል፤ እምነትስ?

ነቀምቴ ላይ የክረምቱ ቀይ ጭቃ ደጃፍ ላይ አይቀርም፤ ሳሎን ይገባል። ከመደበኛ ሥራቸው ጎን የቤት ጽዳት ንግድ ለመጀመር ለሚያስቡ ገበያው አለ ለማለት ይቻላል። የሚጎድለው እምነት ነው። ደላላ ሠራተኛ አገናኝቶ ኮሚሽኑን ተቀብሎ ይሄዳል፤ የጽዳት ነጋዴ ግን ዕቃ ቢጠፋ ይጠየቃል። ስለሆነም መነሻው ተከራይ የለቀቀው ባዶ ቤት ቢሆን ይመረጣል። የሚጠፋ ዕቃ የለበትም፤ አከራዩም ቤቱ ቶሎ እንዲያዝለት ይከፍላል።

አንድ ነገር ግን አይዘንጋ። ለንግድ የተቀጠረች የጽዳት ሠራተኛ በሕግ ፊት እንደ ግል ቤት ሠራተኛ አትታይም፤ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይመለከታታል። በቋሚነት ከተቀጠረች ለጡረታዋ አሠሪው 11፣ እሷ 7 በመቶ ያዋጣሉ። ይህን ሳይደምር ዋጋ የሚቆርጥ፣ ጊምቢም ይሁን ደምቢ ዶሎ፣ ትርፍ የሚለው የሠራተኛዋን ገንዘብ ነው።