መቀናጆ በባድሚንተን ሜዳ

ባድሚንተን ሲባል ብዙዎቻችን ፈገግ እንላለን። በኮርስ ዝርዝር ላይ ስላለ ብቻ የምንወስደው፣ ውጤት እንደተሞላ ራኬቱ ወደ ዕቃ ቤት የሚመለስበት ጨዋታ ነው። ወልድያ ላይ ስፖርት ማለት እግር ኳስ ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የሼህ ሙሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ስታዲየም እዚያ ቆሞ እያለ ስለ ላባ ኳስ የሚያወራ ሰው ቢሾፍበት አይገርምም። ከእግር ኳስ ቀጥሎ ደግሞ ሩጫ አለ። እኔ ግን ዛሬ የማወራው ስለ ባድሚንተን ነው፤ ያውም ስለ ጥንድ ጨዋታው፣ ያውም ስለ አንዲት ኢንዶኔዥያዊት። አንባቢ ይታገሠኝ። የውጭ ውድድሮችን ዓመት የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑንም ከወዲሁ ልናገር።

ተጫዋቿ ግሬሲያ ፖሊ ትባላለች። ለሀገሯ በሴቶች ጥንድ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ ያመጣችው ቶኪዮ ላይ፣ በ2021 ኦገስት 2 ቀን፣ በኛ ሐምሌ 26 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዕለት ለሜቻ ግርማ በ3 ሺህ ሜትር መሰናክል ብር፣ ጉዳፍ ፀጋይ በ5 ሺህ ሜትር ነሐስ አግኝተዋል። እኛ ጋ ግን ቴሌቪዥን ለማየት ልብ የነበረው ሰው ጥቂት ነበር። ጦርነቱ እየቀረበ ነበር፤ ነሐሴ ላይ ወልድያ ተያዘች፣ እስከ ታኅሣሥ 2014ም እንዲያው ቆየች። ስለዚህ ይህን የፍጻሜ ጨዋታ ያየሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ከጓደኛ ስልክ ላይ በተቀዳ ቪዲዮ ነው።

ቪዲዮውን ሳይ ትዝ ያለኝ ስታዲየም ሳይሆን የሀብሩ ማሳ ነው። የገበሬ ልጅ ነኝ። እኛ አካባቢ አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ እንደሱው አንድ በሬ ያለውን ጎረቤት ፈልጎ ይቀናጃል። ዛሬ ያንተን ማሳ፣ ነገ የኔን። ይሄ ነው መቀናጆ። አንዱ በሬ ጠንካራ ሌላው ደካማ ከሆነ ቀንበሩ ይጋደላል፣ ሞፈሩም ይስታል። አንዱ በሬ ከሞተ ደግሞ የቀረው ጤነኛ ሆኖ እያለ ሥራ ፈትቶ ይቆማል። ወይፈን የሚገራው ከልማደኛ በሬ ጋር ተጠምዶ ነው። (ሴቶቹን ከበሬ ጋር አወዳደረ ብላችሁ እንዳትቀየሙኝ፤ በኛ ቤት በሬ ክቡር ነው።)

የግሬሲያ የስፖርት ሕይወት እንግዲህ ከመቀናጆ የተለየ አይደለም። በ2012 ለንደን ላይ ከሜይሊያና ጃውሃሪ ጋር ነበረች። በምድብ ጨዋታ ቀጣይ ተጋጣሚን ለመምረጥ ሆን ብለው ለመሸነፍ ሞክረዋል ተብለው ከታገዱት አራት ጥንዶች አንዱ የነሱ ነበር። ተመልካቹ ጮኸባቸው። ብዙ ሰው እዚያ ላይ ያበቃላት ነበር። እሷ ግን ከኒትያ ማሄስዋሪ ጋር ተጣመረችና በ2014 ኢንቼዮን ላይ የእስያ ጨዋታዎችን ወርቅ ወሰዱ። በ2016 ሪዮ ላይ ሩብ ፍጻሜ ደርሰው ተሸነፉ፤ ከዚያ ኒትያ በጉልበት ጉዳት ከሜዳ ወጣች። የግሬሲያ ጉልበት ጤነኛ ነው፣ ግን ጥንድ የላትም። ዕድሜዋ ወደ ሠላሳ እየተጠጋ ነው። እዚህ ላይ ነው እኔን የሚገርመኝ። በ2017 አሠልጣኟ ኤንግ ሂያን ሊያጣምራት የፈለገው የ19 ዓመት ልጅ ከሆነችው ከአፕሪያኒ ራሃዩ ጋር ነው። ልማደኛዋ ከወይፈኗ ጋር ተጠመደች ማለት ነው። በዚያው ዓመት የታይላንድንና የፈረንሳይን ኦፕን አሸነፉ።

ቶኪዮ የገቡት ከተመረጡት ጥንዶች ዝርዝር ውስጥ ሳይሆኑ ነው። በምድብ ጨዋታ የጃፓኖቹን ፉኩሺማንና ሂሮታን፣ ከዚያ ቻይናውያንን፣ ከዚያ ኮሪያውያንን አሸንፈው ለፍጻሜ ደረሱ፤ በፍጻሜውም ቼን ቺንግቼንንና ጂያ ዪፋንን 21 ለ19 እና 21 ለ15 ረቱ። ደጋግሜ ያየሁት ግን የመጨረሻዋን ነጥብ አይደለም። በሁለተኛው ዙር ላባዋ ገና በአየር ላይ እየተመላለሰች ግሬሲያ ወደ ሜዳው ዳር ሮጣ ራኬት ቀይራ ትመለሳለች። እስክትመለስ ድረስ አፕሪያኒ 6 ሜትር ከ10 ወርድ ያለውን ሜዳ ብቻዋን ትጠብቃለች። ማንም አላዘዛትም፤ ለመነጋገርም ጊዜ የለም።

ጥንድ ጨዋታን የሚያከብደው ይሄው ነው። ሲያጠቁ አንዷ ከፊት አንዷ ከኋላ፤ ሲከላከሉ ጎን ለጎን። በመሃላቸው የምትወድቀው ላባ የማን ናት? ሁለቱም የኔ ናት ካሉ ራኬት ከራኬት ይጋጫል፤ ሁለቱም ያንቺ ናት ካሉ ነጥቡ ሄደ። ይህንን በአንድ ሳምንት ልምምድ የሚማረው የለም።

እኛ ሀገር መተጋገዝ የለም እያልኩ አይደለም። በ2004 አቴንስ ላይ ቀነኒሳና ስለሺ ወደ ኋላ እየተገላመጡ ኃይሌን ሲጠብቁት ያላየ ማን አለ? ሆኖም ሜዳሊያው ላይ የሚጻፈው የአንድ ሰው ስም ነው። እግር ኳስ ደግሞ አሥራ አንድ ስለሆነ መደበቂያ አይጠፋበትም። በጥንድ ጨዋታ ግን መደበቂያ የለም፣ ብቻ መንገሥም የለም። መቀናጆን ከአያቶቹ የወረሰ ሕዝብ ይህን ጨዋታ እንደ ቀልድ ማየቱ ለኔ አይገባኝም።

ነገሩ ለኔ የጨዋታ ብቻ አይደለም። ሁለተኛ ደረጃ ስማር የባድሚንተን ጥንዴ የነበረው ልጅ በ2014 ትምህርት ሲከፈት አልተመለሰም፤ ቤተሰቡ ተፈናቅሎ ሌላ ከተማ ቀርቷል። የተግባር ፈተና ቀን ጥንድ የለህም ተብዬ ዳር ቁጭ አልኩ። እንደኔ ዳር የተቀመጡ ሌሎች አራት ነበሩ፤ ሁለት ሁለት አድርጎ ለማቆም ያሰበ ሰው አልነበረም። ግሬሲያ በ2016 እንደዚያ ዳር ብትቀመጥ ኖሮ የ2021 ወርቅ የለም። እሷ በ2022 ራኬቷን ስትሰቅል ደግሞ አፕሪያኒ ሥራ ፈት አልሆነችም፤ ከሲቲ ፋዲያ ጋር ተቀናጅታ በዚያው ዓመት የማሌዥያን ኦፕን አሸነፈች።

ስለዚህ የምለው ቀላል ነው። ከመካከላችን ተመርቀው መርሳ፣ ውርጌሳ ወይም ሲሪንቃ ለማስተማር የሚመደቡ አሉ። ስታዲየም አይጠብቁ። የጥንድ ሜዳ 13 ሜትር ከ40 በ6 ሜትር ከ10 ነው፤ በመለኪያ ካሰላነው አንድ የእግር ኳስ ሜዳ ላይ ከ80 በላይ ይገባል። ነፋስ እንደሆነ ላባዋን ይወስዳታል፣ ይሄ እውነት ነው፤ ጠዋት ነፋስ ሳይነሳ ወይም በአዳራሽ መጫወት ነው። ከዚያ ተማሪን ሁለት ሁለት አድርጎ አንድ ወሰነ ትምህርት ሙሉ ማቆየት፣ የፈተናውንም ውጤት እኩሌታ ለጥንዱ በጋራ መስጠት። ጎበዙ ይቃወማል፤ ይቃወም። ጎበዙን ከደካማው ጋር ማጣመር እንጂ ጎበዝ ከጎበዝ ብቻ መጥመድ ደግሞ አያስፈልግም።

የክፍሉ ቁጥር ጎዶሎ ቢሆንስ የሚለኝ አይጠፋም። ያኔ አንዱ ጥንድ ሦስት ሆኖ በየ5 ነጥቡ ይቀያየራል፤ ዳር የሚቀመጠው ነጥብ ይቆጥራል፣ በሚቀጥለው ሳምንትም ሌላ ጥንድ ተራውን ሦስት ይሆናል።