ገደል የሚወጣው ዓሣ

ባለፈው ሳምንት ስለ ንብ አነበብን። ዛሬ ስለ አንድ ትንሽ ዓሣ እናነባለን። ቀስ እያላችሁ አንብቡ። ያልገባችሁን ቃል አስምሩበት።

ዓሣ ገደል ይወጣል ቢባል ማን ያምናል? ይኼኛው ግን ይወጣል።

ዓሣው ጎቢ ከሚባሉት ወገን ነው። የሚኖረው በሃዋይ ነው። ሃዋይ ፓስፊክ በሚባለው ታላቅ ባሕር መካከል ያሉ ሞቃት ደሴቶች ናቸው። ደሴት ማለት ዙሪያውን በውሃ የተከበበ መሬት ነው። የአገሩ ሰዎች ዓሣውን አላሞኦ ይሉታል። አድጎ እንኳ አንድ ስንዝር አይሞላም።

እናቲቱ እንቁላሏን የምትጥለው ጅረት ውስጥ ነው። የተፈለፈሉትን ጫጩቶች ውሃው ጠርጎ ይወስዳቸዋል። በጥቂት ቀን ውስጥ ባሕር ካልደረሱ ይሞታሉ። የደረሱት እዚያ ለወራት ያድጋሉ። ከዚያ ወደ ጅረት ይመለሳሉ።

መንገዱ ግን ቀላል አይደለም። በሃዋይ አካካ የሚባል ፏፏቴ አለ። ቁመቱ 135 ሜትር ገደማ ነው። የጢስ ዓባይን ፏፏቴ ሦስት እጥፍ ያህላል። የጣት ጥፍር የሚያህለው ጫጩት ይኼን ይወጣል።

እንዴት አድርጎ? የሆዱ ሁለት ክንፎች ተገጣጥመው እንደ ሲኒ ክብ ሆነዋል። በነሱ እርጥብ ድንጋይ ላይ ይጣበቃል። ጅራቱን አወራጭቶ ጥቂት ወደ ላይ ይፈናጠራል። ተጣብቆ ያርፋል። እንደገና ይፈናጠራል። እንዲህ እያለ ጫፍ ይደርሳል። እዚያ ትልልቆቹ በላተኛ ዓሦች ሊከተሉት አይችሉም።

ፏፏቴ ያላገደውን ዓሣ ግን ደረቅ ጅረት አገደው። ከሃዋይ ደሴቶች አንዷ ማዊ ትባላለች። በምሥራቅ ማዊ የሸንኮራ እርሻ ባለቤቶች ከ1870 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ጅረቶቹን በቦይ ጠለፉ። ብዙ ጅረት ከታች ደረቀ። የሚወርደው ጫጩት መንገድ አጣ። የሚወጣውም አጣ። ጎደሬ የሚተክሉ ገበሬዎችም ውሃ አጡ።

ገበሬዎቹ ዝም አላሉም። ለብዙ ዓመታት ተከራከሩ። በ2009 ዓ.ም. የመጨረሻው ትልቅ የሸንኮራ እርሻ ተዘጋ። በ2010 ዓ.ም. የአገሩ የውሃ ኮሚሽን ውሃው ወደ ብዙዎቹ ጅረቶች እንዲመለስ አዘዘ።

ታዲያ እኛ ከዚህ ምን እንማራለን? ጅረት ከላይ እስከ ታች አንድ መንገድ ነው። መሃሉ ከተቆረጠ ሁለቱም ጫፍ አይጠቅምም። በአገራችንም አንዳንድ የጣና ዓሦች በክረምት ወደ ርብና ወደ ጉማራ ወንዞች ወጥተው እንቁላል ይጥላሉ። ያን ጊዜ የወንዙን አፍ በመረብ መዝጋት የከርሞውን ዓሣ ማጥፋት ነው። መስኖ መጥለፍ ክፉ አይደለም፤ እህል ያበላል። ነገር ግን ጅረቱን ጨርሰን አንውሰደው። ለታችኛው ጎረቤትም፣ ለዓሣውም እንተውለት።

ጥያቄ

1. ጫጩቱ ባሕር ካልደረሰ ምን ይሆናል?
2. ዓሣው ድንጋይ ላይ የሚጣበቀው በምኑ ነው?
3. በመንደራችሁ ያለው ጅረት በበጋ ይደርቃል? ለምን? በሦስት ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ ወደ ማስተማሪያ ጣቢያው አምጡ። አብረን እናነበዋለን።