ባዶ ጀሪካን አይጣል

በውጭ አገር እናቶች በሳምንት አንድ ቀን ሕፃናቶቻቸውን ታቅፈው ይሰባሰባሉ፤ አብረው ይዘፍናሉ፣ ያጨበጭባሉ። ከባሕር ዳር ወደ መራዊ በሚወስደው መንገድ ላይ ላለችው መሸንቲ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የቡና ጎረቤት አለላችሁ። ችግሩ፣ ቡናው እስኪፈላ እንዳይረብሽ ተብሎ ለልጁ ስልክ ይሰጠዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ ግን ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ ስክሪን ጨርሶ አይመክርም።

እስቲ በዚህ ቅዳሜ ስልኩን አስቀምጡና ባዶ ጀሪካን አምጡ። (ፍሙንና ጀበናውን ግን አርቁ!) አንዷ ትምታ፤ ስታቆም ሁሉም ቀጥ ይበል፣ ስትጀምር ይጨፈር። የሁለትና የሦስት ዓመት ልጅ ራሱን መግታት የሚለማመደው በእንዲህ ያለ ጨዋታ ነው። ከፍ ያሉት አኩኩሉ ይጫወቱ። ገና ያልቆመውን እቅፍ አድርጋችሁ እሹሩሩ በሉት፤ እሹሩሩ ለማስተኛት ብቻ ነው ያለው ማነው? ሽምብራ የተጨመረበት የውኃ ፕላስቲክም ጥሩ ጸናጽል ይወጣዋል፤ ክዳኑን አጥብቁ እንጂ፣ ፍሬው ትንሽ ልጅ ያንቃል።

«ድምፄ አያምርም» የምትሉ እናቶች፣ ሕፃን ገና ሲወለድ የእናቱን ድምፅ ከሌላ ሴት ድምፅ ይለያል፤ የሚፈልገው የለመደውን ነው፣ ዘፋኝ አይደለም። አያቶችና አባቶችም ኑ፤ ጀሪካኑን የሚመታ ሰው ያስፈልጋል።