የአናጢው ማስመሪያ በባሕር አየር

አናጢ ሁለት ጣውላ ለማጋጠም መጋዙንና መሮውን ከማንሣቱ በፊት፣ ከእንጨቱ ጠርዝ በእኩል ርቀት የሚሄድ መስመር ማውጣት ይኖርበታል። ለዚህም በዘንግ ላይ የሚንሸራተት መደገፊያና በዘንጉ ጫፍ መጫሪያ ያለው ማስመሪያ ያገለግለዋል።

በጅቡቲ ወደብ የዚህ መሣሪያ ምርጫ እንደ ቀላል ነገር ሊታይ አይገባም። በዴይ ተራራ ከሚገኘው በቀር አገሩ ይህ ነው የሚባል ደን ስለሌለው፣ ጣውላው በአብዛኛው በመርከብ የሚመጣ ነው፤ በተሳሳተ መስመር የተቆረጠውን መተካትም ለአናጢው ኪሣራ ነው።

ብዙዎች ክብ ስለት ያለውን የብረት ማስመሪያ ያስበልጣሉ። በእርግጥም ይህ መሣሪያ የእንጨቱን ቃጫ አቋርጦ ሲያሰምር ንጹሕ መስመር ይተዋል፤ ባለሚስማሩ የእንጨት ማስመሪያ ግን ቃጫውን ይቦጭቃል። ይሁን እንጂ ጨው ያዘለው የባሕር አየር ብረትን ፈጥኖ ያዝጋል፤ ዘይት የተነፈገው ክብ ስለትም ይደንዛል። የእንጨቱም ቢሆን እንከን አያጣም፤ ርጥበት ሲበዛ ዘንጉ አብጦ አልንቀሳቀስ ይላል፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ኻምሲን የተባለው ትኩስና ደረቅ ነፋስ ሲነፍስ ደግሞ ኮስሶ ይላላል።

ሆኖም የእንጨቱ ማስመሪያ ሕመም በአናጢው እጅ የሚድን ነው። የሚስማሩን ጫፍ በሞረድ እንደ ቢላዋ አስልቶ ቢያቀጥነው መቦጨቁ ይቀራል። ዘንጉን በብሎን ፈንታ በሽብልቅ ቢያጠብቀው፣ እንጨቱ በኮሰሰ ጊዜ ሽብልቁን መታ ማድረግ ይበቃል። ደግሞም ይህ ማስመሪያ ከተራፊ እንጨት ሊሠራ ይችላል፤ የብረቱ ግን በገንዘብ የሚገዛ ነው። ስለዚህ የወደቡ አናጢ የእንጨቱን ቢመርጥ፣ ብረቱንም ከያዘ ዘይት በነካ ጨርቅ ጠቅልሎ ቃጫ ለሚያቋርጥ ሥራ ብቻ ቢያወጣው ይሻለዋል።